የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ከየት ይመጣል?

በፍርድ ቅር የተሰኘ ባለጉዳይ ይግባኝ ሲል፣ አቤቱታው ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ዳኛ ይቀርባል። ያ ዳኛ የሥር ፍርድ ቤትን ውሳኔ ሊያጸና፣ ሊያሻሽል ወይም ሊሽር ይችላል። ታዲያ ይህን ሥልጣን የያዘው ሰው እንዴት ተመረጠ? ማን ሾመው? ፍርዱ ያላስደሰተው ባለሥልጣንስ ሊያነሳው ይችላልን?

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሦስት እርከን አላቸው፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ እና ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚነሣ ይግባኝ በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛው በመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣኑ የሰጠው ውሳኔ ደግሞ በጠቅላዩ ይታያል። ይግባኝ ሰሚ ዳኞች የሚቀመጡት በእነዚህ በሁለቱ የላይኛው እርከኖች ነው።

መንገዱ ከሕግ ትምህርት ይጀምራል። የተለመደው አካሄድ በሕግ ተመርቆ፣ በዐቃቤ ሕግነት፣ በጥብቅና ወይም በታችኛው ፍርድ ቤት ዳኝነት ልምድ አካብቶ ወደ ላይ መውጣት ነው። እጩዎችን የሚመለምለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚሰበስበው የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ስለ እጩዎች ሥነ ምግባር የሕዝብ አስተያየት ይጠየቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት ጉባኤው ያቀረባቸውን እጩዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ ሹመቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት ግን በቀጥታ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ይሾማሉ።

የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የሥራ ሕይወት መንገዱ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መሰላል እንዳልሆነ ያሳያል። በአሶሳ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በከፍተኛ ፍርድ ቤት በዳኝነት አገልግለዋል። ከዚያም ችሎቱን ትተው በሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽን በሕግ አማካሪነት ሠሩ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱትም አንዷ ሆኑ። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም ምክር ቤቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾማቸው፤ በዚህ ኃላፊነት የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም አገልግለዋል።

የክልል ነዋሪን ይበልጥ የሚመለከተው ሌላ እውነታም አለ። ሕገ መንግሥቱ ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ሰጥቷል። በዚህም ምክንያት በክልሉ ርእሰ ከተማ የተቀመጠ ዳኛ የፌዴራል ጉዳይ በይግባኝ ሊያይ ይችላል። እርሱን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ይሁን እንጂ የክልሉ ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ እጩዎቹን ከማቅረቡ በፊት የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት መጠየቅ አለበት፤ አስተያየቱ በሦስት ወር ውስጥ ካልደረሰ የክልሉ ምክር ቤት ሹመቱን መስጠት ይችላል።

አብዛኛው የገጠር መሬት ክርክር የሚታየው በክልል ፍርድ ቤቶች ነው። ነገር ግን በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጓሜ በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ ጉዳዩ ከወረዳ ያላለፈ አርሶ አደርም ቢሆን እነዚያ ዳኞች እንዴት እንደተመረጡ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ከሹመት በኋላ ያለው ጥበቃም ቀላል አይደለም። አንቀጽ 79 ዳኛ ከማንኛውም ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነፃ መሆኑንና ከሕግ በስተቀር በሌላ እንደማይመራ ይደነግጋል። ከጡረታ ዕድሜው በፊት ያለ ፈቃዱ የሚነሣው የዲሲፕሊን ጥፋት ከፈጸመ፣ ጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ ከታየበት ወይም በሕመም ምክንያት ተግባሩን ማከናወን ካልቻለ ብቻ ነው። ያም የዳኞች አስተዳደር ጉባኤን ውሳኔና የምክር ቤቱን ከግማሽ በላይ ድምፅ ይጠይቃል።

ይህ ጥበቃ የተሰጠው ዳኛው እንዲከበር ተብሎ ብቻ አይደለም። አቅም የሌለው ባለጉዳይ ከባለሥልጣን ወይም ከባለሀብት ጋር ሲከራከር፣ የሚፈርድለት ዳኛ ለሥራው ሳይሰጋ እንዲፈርድ ነው። ሕዝቡ በበኩሉ የእጩዎች ስም ይፋ ሲሆን ዝም ከማለት ይልቅ የሚያውቀውን በእውነት ቢናገር፣ ነገ ጉዳዩን የሚዳኘውን ሰው በመምረጥ ረገድ ድርሻውን ይወጣል።