የባቄላ ቅጠል ውሃ የሚቈጥብበት ምሥጢር

ዝናም ሲዘገይ የባቄላ ተክል ወዲያው አይደርቅም፤ አስቀድሞ ውሃውን መቈጠብ ይጀምራል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

በቅጠሉ ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ተክሉ ምግቡን የሚሠራበትን አየር በእነርሱ ያስገባል፤ ውሃውም በእነርሱው በኩል እየተነነ ይወጣል። እያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለት ዘበኛ ሕዋሳት ይጠብቁታል። ፖታስየም የተባለው ንጥረ ነገር በልዩ መተላለፊያ ወደ ሕዋሳቱ ሲገባ ውሃ ይከተለዋል፤ ሕዋሳቱ ይነፋሉ፤ ቀዳዳውም ይከፈታል።

ድርቅ ሲጸና ግን በሕዋሳቱ ውስጥ ካልሲየም ይበዛል። እርሱም የፖታስየሙን መግቢያ ይዘጋል፤ ቀድሞ የገባውም እንዲወጣ ምክንያት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሕዋሳቱ ይላላሉ፤ ቀዳዳውም ይዘጋል። ሽሮደርና ሀጊዋራ የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. የካልሲየምን ይህን ሥራ የገለጹት ይህንኑ የባቄላ ቅጠል መርምረው ነው።

ይሁን እንጂ ቍጠባው ያለ ጉዳት አይደለም፤ ቀዳዳው ተዘግቶ በቈየ መጠን የሚገባው አየር ስለሚቀንስ ፍሬው ያንሳል። ስለዚህ ባቄላው በሚያብብበትና ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ገበሬው አረሙ እርጥበቱን እንዳይሻማው ቢነቅል፣ መስኖም ያለው ቢያጠጣ፣ የድካሙን ዋጋ ያገኛል።