ቀን የማይቆጥረው ቻርት

ሰሞኑን አንድ የዩኒየን ሥራ አስኪያጅ በማለዳ ደወሉልኝ። ዋጋው በእሳቸው ምርጫ የሚዘጋ አንድ ኮንቴይነር ቡና አላቸው፤ ኒውዮርክ ደግሞ ማታውን 8 ሳንቲም ወርዷል። «ልዝጋው ወይስ ልጠብቅ?» ነው ጥያቄው። በ320 ጆንያ (19.2 ቶን) ላይ በፓውንድ 8 ሳንቲም ማለት 3 ሺህ 386 ዶላር ገደማ ነው፤ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ግን የሚያዩት በስልካቸው ያለውን የ15 ደቂቃ ቻርት ነው። እዚያ ላይማ 8 ሳንቲም ገደል ይመስላል።

እኔ ከዚያ ሌላ በባለ ካሬ ደብተር በእጄ የምሞላው አለኝ። ፖይንት ኤንድ ፊገር ይባላል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ዘዴ ነው። ቀን የሚባል ነገር የለበትም፣ ዋጋ ብቻ። ለአረቢካ አንዱን ካሬ 5 ሳንቲም አድርጌዋለሁ። የመዝጊያው ዋጋ 5 ሳንቲም በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ አንድ ኤክስ እጽፋለሁ። ካልጨመረ እስክሪብቶ አላነሳም።

ለምሳሌ ከ300 ተነስቶ 330 ደረሰ እንበል። 322 ቢወርድ ምንም አልጽፍም። 317ም ቢሆን ያው ነው። ሦስት ካሬ ሙሉ ወርዶ 315 ሲደርስ ብቻ ወደ ቀኝ አንድ ዓምድ አልፌ በ325፣ በ320 እና በ315 ላይ ክብ እጽፋለሁ። ይሄም ቢሆን ገና አዝማሚያው ተገለበጠ ማለት አይደለም። የአሁኑ የክብ ዓምድ ካለፈው የክብ ዓምድ በታች ሲወርድ ነው እኔ የምጠነቀቀው።

በሐምሌ 2013 የብራዚልን ቡና ውርጭ ሲመታው ዋጋው በቀናት ውስጥ ከ200 ሳንቲም በላይ ዘለለ። በዚህ ደብተር ያ ሁሉ አንድ ረጅም የኤክስ ዓምድ ነው። ገበያው የሚያንቀላፋባቸው ወራት ግን ሁለት ሦስት ካሬ እንኳ ላይሞሉ ይችላሉ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ከማርች ኮንትራት ወደ ሜይ ስትሻገሩ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የውሸት ዓምድ ያስጽፋችኋል፤ ስለዚህ አዲሱን ወር በአዲስ ገጽ ጀምሩ። ደግሞ በብር አትሥሩት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ የቡናውን ትታችሁ የዶላሩን አዝማሚያ ስትስሉ ትገኛላችሁ።

ሥራ አስኪያጁን መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ግን ስለ ዋጋው አልነበረም። «የመዝጊያ ቀንዎ መቼ ነው?» አልኳቸው፤ ይሄ ደብተር የኮንትራት ቀንም የባንክ ብድርም አያውቅማ። ሦስት ሳምንት ይቀራቸዋል፤ ብድራቸውም ገና ነው። እንግዲያው ክብ የሚጻፍበትን ዋጋ ነገርኳቸውና እሷን በወረቀት ጽፈው ጠረጴዛቸው ላይ ለጠፉ። የ15 ደቂቃውን ቻርት ግን ከስልካቸው አጥፍተውታል ብዬ አላምንም።