የተበከለ አፈርን በባክቴሪያ ኢንዛይም ማከም

በፀረ-አረም ኬሚካል የተበከለ አፈርን ከባክቴሪያ በሚገኝ ኢንዛይም ማከም እንደሚቻል በአሜሪካ የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2000 ይፋ የሆነ የመስክ ሙከራ አሳይቷል። ሙከራው ሕያው ልውጥ ባክቴሪያ ወደ አካባቢ ሳይለቀቅ መከናወኑ ልዩ ያደርገዋል።

የሙከራው ትኩረት የነበረው አትራዚን የተባለው ኬሚካል በበቆሎና በማሽላ ማሳዎች አረምን ለመከላከል ያገለግላል። ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የመስረግ ባህርይ ስላለው አሜሪካ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ3 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ደንግጋለች። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ በ2004 ለኬሚካሉ ፈቃድ ነፍጓል።

ኢንዛይም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ሱዶሞናስ ከተባሉት ባክቴሪያዎች አንዱ የሚያመርተው ኢንዛይም ውሃን በመጠቀም በአትራዚን ላይ ያለውን የክሎሪን አቶም ያስወግዳል። በዚህም የሚፈጠረው ውህድ አረም የማጥፋት ኃይል አይኖረውም፤ ከአፈር ጋርም ይበልጥ ይጣበቃል።

ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን የሚያስገኘውን ጂን ኢ. ኮላይ ወደተባለው ባክቴሪያ አስገብተው በብዛት እንዲያመርት አድርገዋል። ከዚያም ባክቴሪያውን በኬሚካል ገድለው በደቡብ ዳኮታ ግዛት አትራዚን በፈሰሰበት ስፍራ ከነበረው አፈር ጋር ቀላቅለዋል። ሕዋሳቱ ቢሞቱም ኢንዛይሙ ሥራውን ቀጥሏል።

ከ8 ሳምንታት በኋላ የሞቱት ሕዋሳት ብቻ በተጨመሩበት አፈር የአትራዚን መጠን በ52 በመቶ ቀንሷል። በአፈሩ ውስጥ ያሉትን ነባር ባክቴሪያዎች ለማበረታታት ከሞቱት ሕዋሳት ጋር ፎስፌት በተጨመረበት አፈር ደግሞ ቅነሳው 77 በመቶ ደርሷል።

ይሁን እንጂ ውጤቱ ብክለቱ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚሠራው በተወሰኑ ውህዶች ላይ ብቻ ነው፤ እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያሉ ብረታ ብረቶችንም ሰባብሮ ሊያጠፋ አይችልም። በመሆኑም ዘዴውን ከመምረጥ በፊት የብክለቱን ዓይነት በላቦራቶሪ መለየት፣ ውጤቱንም ካልታከመ አፈር ጋር እያነጻጸሩ መለካት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ልውጥ ሕያዋንን ለመጠቀም በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው መሠረት ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለሆነም መሰል የአፈር ሕክምና ዕቅድ ሲቀርብ ወደ አካባቢው የሚገባው ሕያው ባክቴሪያ፣ የሞተ ሕዋስ ወይስ የተጣራ ኢንዛይም መሆኑን መለየት የውሳኔ ሰጪዎች የመጀመሪያ ተግባር ሊሆን ይገባል።