«ሊደር» በአማርኛ ምን ይባል? የመስኪ ዓሣ ማጥመጃ መከታና የሚሠራባቸው ቁሶች

አንድ ሙያዊ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ተርጓሚው «ቃሉ ምን ማለት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ነገሩ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የዚህን ደንብ ጥቅም ለማሳየት ከአገራችን ራቅ ካለ ሙያ አንድ ቃል መርጠናል፤ ይኸውም የሰሜን አሜሪካ የመስኪ ዓሣ አጥማጆች «ሊደር» የሚሉት ነው። መስኪ በሚጠመድባቸው እንደ ሚኔሶታ ባሉ ግዛቶች አማርኛ ተናጋሪዎች ስለሚኖሩ፣ ቃሉ ለተርጓሚ ፈጽሞ እንግዳ ሆኖ የሚቀር አይደለም።

መስኪ፣ በሙሉ ስሙ መስከለንጅ፣ በታላላቅ ሐይቆች፣ በሴንት ሎረንስ ወንዝና በላይኛው ሚሲሲፒ ተፋሰስ የሚኖር፣ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ባለ ስለታም ጥርስ አዳኝ ዓሣ ነው። የስሙ ታሪክ ራሱ ለቃላት አጥኚ ትምህርት ይሰጣል። ምንጩ የኦጂብዌ ቋንቋ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ፓይክ የተባለው የቅርብ ዘመዱ «ጊኖዤ»፣ መስኪ ደግሞ «ማሽኪኖዤ» ይባላል። ቃሉ ወደ ካናዳ ፈረንሳይኛ ከገባ በኋላ ግን ሰዎች በድምፅ መመሳሰል ብቻ ተመርተው «ረጅም ጭምብል» ከሚል የፈረንሳይኛ ሐረግ ጋር አዛምደውታል። ስለዚህ ስሙ ከዓሣው ማንነት ይልቅ የሰሚውን ጆሮ የሚከተል ትርጉም ተሰጠው። «ሊደር» የሚለውንም ቃል ያለ ጥናት የሚመልስ ሰው የሚገጥመው ከዚህ የማይርቅ ስሕተት ነው።

ነገሩን እንመልከት። በዛሬው ጊዜ አብዛኛው የመስኪ አጥማጅ በመጠቅለያው ላይ የሚያኖረው ዋና ክር ከቀጫጭን የፖሊኢትሊን ጭረቶች የተሸረበ ነው። ይህ ክር ሲጎትቱት እጅግ ብርቱ ቢሆንም ስለት ሲነካው በቀላሉ ይቆረጣል። በመሆኑም በዋናው ክርና በሰው ሠራሹ ማባበያ መካከል ጥርስ የሚችል አጭር ቁራጭ ይገባል፤ «ሊደር» የሚባለው ይኸው ነው። ይህ ቁራጭ ቢከዳ የሚጎዳው አጥማጁ ብቻ አይደለም። ዓሣው ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆዎችን በአፉ እንደ ተሸከመ ያመልጣል፤ መንጠቆዎቹ መንጋጋውን ካቆላለፉበትም ሊሞት ይችላል። መስኪ በየሐይቁ በቁጥር አነስተኛ በመሆኑ አጥማጆች «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሉታል፤ ብዙዎቹም ከያዙት በኋላ በሕይወት ወደ ውሃው ይመልሱታል። እንግዲህ መመሪያውን የሚተረጉም ሰው ቃሉን ቢያሳስት ጉዳቱ ከወረቀት ያልፋል።

ለዚህ ነገር ሊቀርቡ የሚችሉ ስያሜዎች አራት ናቸው። አንደኛው «መሪ» ነው። ይህ የእንግሊዝኛውን ቃል ፊት ለፊት ቢመልስም በአማርኛ የሚያስከትለው ሐሳብ ሌላ ነው፤ «ጠንካራ መሪ ያስፈልጋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ከዓሣ ማጥመድ ይልቅ ስለ አስተዳደር የሚናገር ይመስላል። ሁለተኛው «ቅጥያ» ሲሆን፣ እርሱን ሰዋስው አስቀድሞ ይዞታል። ሦስተኛው «መጋጠሚያ» ነው፤ ሁለት ነገሮች የሚገናኙበትን ስፍራ እንጂ በመካከላቸው የሚገባውን አካል አይገልጽም። አራተኛው «መከታ» ነው። መከታ ከኋላው ያለውን ጠብቆ ጉዳቱን በራሱ የሚቀበል ስለ ሆነ ተግባሩን በትክክል ይናገራል። ከዚህም በላይ ቁሱን አስቀድሞ አይወስንም፤ «የሽቦ መከታ»፣ «የናይለን መከታ» እያሉ ማርባት ይቻላል። «መከታ ክር» ብንል ኖሮ ግን «የሽቦ መከታ ክር» የሚል እርስ በርሱ የሚጋጭ ስያሜ ውስጥ በገባን ነበር። ሆኖም ጥርሰ ደካማ ዓሣ በሚጠመድበት ሙያ «ሊደር» የሚፈለገው በዓሣው ዓይን እንዳይታይ በመሆኑ፣ ለዚያ «ጫፍ ክር» የሚለው የተሻለ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት የአማርኛ ቃላት ቢወልድ ጉድለት አይባልም።

ወደ ቁሶቹ ስንመጣ፣ የአገራችን የፈትልና የሽመና ሙያ ያቆየልን ግሦች በእጅጉ ይረዱናል። ፈተለ፣ ገመደና ሸረበ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የብረት ሽቦ መከታ በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንዱ «ነጠላ ሽቦ» ነው፤ ግትር ስለ ሆነ ወዲያና ወዲህ እየተወረወረ የሚሄድ ማባበያ በመከታው ላይ እንዳይጠመጠም ይከላከላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተቆለመመ በዚያው ስፍራ ይደክማል። ሁለተኛው ከሰባት ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ በመሆኑ «ግምድ ሽቦ» ሊባል ይገባል፤ ይህኛው በቀላሉ ይተጣጠፋል። ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ የሚሠራው ደግሞ ጎብጦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የመመለስ ጠባይ አለው። ዋናውን ክር «ግምድ» ማለት ስሕተት ይሆናል፤ እርሱ እንደ ሹሩባ የተሸረበ ነውና «ሽርብ ክር» ነው።

ከብረት ሌላ በስፋት የሚሠራበት ፍሎሮካርቦን ነው። የጃፓኑ ኩሬሃ ኩባንያ ለዓሣ ማጥመጃ ያቀረበው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በኬሚስትሪ ስሙ ፖሊቪኒሊዲን ፍሎራይድ ይባላል። ክብደቱ ከውሃ 1.8 እጥፍ ገደማ ስለ ሆነ ይሰጥማል፤ ውሃም አይመጥም። ናይለን በአንጻሩ ከውሃ በጥቂቱ ብቻ ይከብዳል፤ ይበልጥ ተለጣጭ ነው፤ ውሃ ሲመጥም ጥቂት ይደክማል። ብርሃን የመስበር መጠኑ በውሃ 1.33፣ በፍሎሮካርቦን 1.42፣ በናይለን 1.53 ገደማ ነው። ከዚህ እንደሚታየው ፍሎሮካርቦን ከናይለን ያነሰ ይታያል እንጂ «የማይታይ» ብሎ መተርጎም ከእውነት ይርቃል።

ተርጓሚውን ይበልጥ የሚያሰናክለው ግን «ጥንካሬ» የሚለው ቃል ነው። አማርኛ በዕለት ንግግር ሦስት ጠባዮችን በዚህ ቃል ይጠቀልላል፤ እነርሱም ሲጎትቱት አለመበጠስ፣ ሲፈትጉት አለመቆረጥና ሲያጎብጡት አለመታጠፍ ናቸው። ለመስኪ የሚመረጠው ፍሎሮካርቦን በማሸጊያው ላይ ከ80 እስከ 130 ፓውንድ፣ ማለትም ከ36 እስከ 59 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። ይህን ያህል የሚመዝን መስኪ ስለማይጠበቅ አንባቢ ቁጥሩ ለምን እንዲህ ከፍ እንዳለ ሊገረም ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ክብደት ቢሆንም አጥማጁ የሚያነብበት ውፍረትን ነው፤ ጥርስ የሚቋቋመው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የወፈረው እንጂ፣ 15 ኪሎ ቢሰቀልበት እንኳ የማይበጠሰው ቀጭኑ አይደለም። እርሱም ቢሆን በጥርስ መጫሩ ስለማይቀር ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ በጣት ተዳስሶ የተጫረው መለወጥ አለበት።

የመከታው ርዝመትም በአጠማመዱ ይወሰናል። ማባበያው በእጅ በሚወረወርበት ጊዜ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚህ ቢረዝም በጀልባው ጥግ ማባበያውን በውሃ ውስጥ ሲያዞሩት የመከታው ማያያዣ ከዘንጉ ጫፍ ጋር ይጋጫል። ጀልባው እየተነዳ ማባበያው ከኋላ በሚጎተትበት ጊዜ ግን ዓሣው እየተንከባለለ ክሩን በአካሉ ላይ ስለሚጠመጥም አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይደረጋል።

እነዚህ ስያሜዎች በሩቅ አገር ዓሣ ላይ ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ የሚገኘው፣ በእንግሊዝኛ «ነብር ዓሣ» የሚሉት፣ ጥርሱ ክር የሚቆርጥ በመሆኑ ያለ መከታ ሊጠመድ አይመችም። ስለሆነም የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

መከታ፦ በዋናው ክርና በማባበያው መካከል ገብቶ የዓሣን ጥርስ የሚቋቋም አጭር ቁራጭ።

ነጠላ ሽቦ፦ ከአንድ ወጥ ሽቦ የሆነ።

ግምድ ሽቦ፦ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ።

ሽርብ ክር፦ ከቀጫጭን ጭረቶች የተሸረበ ዋና ክር።

የመበጠሻ ክብደት፦ ክሩ ሲጎተት የሚበጠስበት ልክ።

ፍትጊያ ቻይነት፦ ሲፈተግ ያለመቆረጥ ጠባይ።

ግትርነት፦ ለመታጠፍ ያለመመቸት ጠባይ።

የኬሚስትሪ ስሞች እንደ መጡ ይቀመጡ፤ ተግባርን የሚናገሩት ግን በአማርኛ ይሰየሙ። «ጥንካሬ» ብቻውን ቆሞ ሲገኝ ተርጓሚው «የትኛው ጥንካሬ?» ብሎ ሳይጠይቅ እንዳያልፈው ይሁን።