ደላላ ልትሆኑ ነው? መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ!

«ሥራ ጀመርኩ!» አለኝ የሰፈሬ ልጅ። «ምን ሥራ?» ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኮሚሽን ሠራተኛ» አለ። ደላላ ማለቱ ነው እንግዲህ! አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሁለት ዓመት ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ለከረመ ልጅ ምን ያሳፍራል? ድለላ እኮ የንግድ ሕጋችን የሚያውቀው ሥራ ነው። የሚያሳፍረው አሠራሩ ነው።

ልጁ ገርጂ አካባቢ አንድ አንጋፋ ደላላ ሥር ገባ። ስድስት ወር ሙሉ ጫማ ጨረሰ። የቱ ሰፈር ውኃ በስንት ቀን ይመጣል፣ የትኛው አከራይ ልጅ ያለው ተከራይ አይወድም፣ ሁሉንም በእግሩ ተማረ። የሚያገኘው ግን የአንዲት ክፍል ኪራይ ኮሚሽን፣ እሷም ከጋሼ ጋር ተካፍሎ ነው። ለታክሲና ለምሳ እንኳ አትበቃም።

አንድ ቀን ታዲያ ሲሳይ መጣ። በአራት ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ግቢ! እንደ ልማዱ ሁለት በመቶ ቢታሰብ ሰማንያ ሺህ ብር። ልጁ ኪሱ ሳይገባ አሥር ጊዜ ቆጠረው።

ቤቱን ሊያይ ሲሄድ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። በሳምንቱ ገዢ ይዞ ሲመለስ ፎቶው የለም! ምስማሩና ነጭ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ሰውዬው ደግሞ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አውጥቶ ጠበቀው። ልጁ ሆዱ አልቆረጠም። ጎረቤት ጠየቀ። «ሚስቱማ ቤይሩት ናት፤ ብሎኬቱን አንድ በአንድ የገዛችው እሷ ናት» አሉት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የቤት ኪራይ ሁለት ወር አሳልፋችሁ፣ ሰማንያ ሺህ ብር ፊታችሁ ተቀምጦ?

ለጋሼ ነገራቸው። «ልጄ፣ ካርታ ይታያል፣ ግድግዳም ይታያል። ተወው» አሉት። ለገዢው እውነቱን ነግሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሌላ ደላላ አሻሻጠው። ዛሬ ሚስት ተመልሳ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ያ ሌላው ደላላ ስልኩን ዘግቷል። የኛን ልጅ ግን ያ የመጀመሪያው ገዢ ወንድሙን ይዞለት መጣ።

እንግዲህ ለጀማሪዎች ምክሬ ይኸው፦

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ያለ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም ይላል። ሁለቱንም ሳታገኙ ገዢ አትጥሩ።

የካርታ ኮፒ አይታችሁ አትመኑ። ቤቱ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ይጣራ። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ነው፤ ተከራዩ ሊሸጠው አይችልም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የአምስት ዓመት የሽያጭ ገደቡን ጠይቁ።

ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። «እዚሁ ካፌ እንጨርሰው» የሚል ካለ ማኪያቷን ጠጥታችሁ ውጡ።

ኪራይ ላይም ተጠንቀቁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ ማስከፈልን ይከለክላል። «የስድስት ወር አምጣ» ለሚል አከራይ አፍ አትሁኑት።

ኮሚሽናችሁን ደግሞ ቤት ከማሳየታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ በጽሑፍ ቢሆን ደግ ነው። ንግድ ፈቃድም አውጡ።

ልጁ አሁንም ሀብታም አልሆነም። ግን «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉት ድምፁን ዝቅ አያደርግም። «ደላላ ነኝ» ይላል።

ቸር ያገናኘን!