የወደብ ቅልጥፍና በምን ይለካል? ከጅቡቲ እስከ ወረታ

ፎገራ ሜዳ ላይ ባሕር የለም፤ ወረታ ግን ወደብ አላት። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በወልዲያና በደብረ ታቦር በኩል የሚመጣ ኮንቴነር ደረቅ ወደቡ ላይ ያርፋል፤ የጉምሩክ ጉዳዩም እዚያው ያልቃል። ስለዚህ «የትኛው ወደብ ቀልጣፋ ነው?» የሚለው ጥያቄ የአካባቢውን ነጋዴ ኪስ ይነካል።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የኮንቴነር ወደቦችን ደረጃ ሲያወጣ ቆይቷል። በመጀመሪያው ዝርዝር የጃፓኑ ዮኮሃማ አንደኛ ነበር፤ በቀጣዩ ከጅዳ በስተሰሜን ያለው የንጉሥ አብዱላህ ወደብ ቦታውን ወሰደ። መለኪያው መርከቧ ወደቡ ከደረሰች ጀምሮ ሥራዋን ጨርሳ እስክትወጣ የቆየችበት ሰዓት ነው። ለመርከብ ባለቤቱ ይህ ይበቃዋል። ለረመዷን ተምር ያዘዘ የወረታ ነጋዴ ግን መርከቧ በአንድ ቀን ብትራገፍም ኮንቴነሩ ጅቡቲ ተቀምጦ ከዒድ በኋላ ቢደርስ ምን ይጠቅመዋል? ኪራዩና ቅጣቱም በየቀኑ ይቆጠርበታል።

ተመራማሪዎች ሌላም መንገድ አላቸው፤ መነሻው እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ፋረል እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመው ጥናት ነው። ግብዓትን (ክሬን፣ ሠራተኛ፣ የመሬት ስፋት) ከተስተናገደው ኮንቴነር ጋር ያነጻጽራል። እኩል ሦስት ክሬን ካላቸው ሁለት ወደቦች አንዱ በሰዓት 60፣ ሌላው 45 ኮንቴነር ቢያነሱ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንጻር 75 በመቶ ቀልጣፋ ይባላል። ልብ እንበል፣ የሚወዳደሩት እርስ በርስ ነው። ያስተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ልጅ ያመጣው 60 ሊሆን ይችላል።

አደጋው ደግሞ ማንን ከማን ጋር እንደምናወዳድር ነው። ሞጆ ባቡር የሚደርሰው፣ ለአዲስ አበባ የቀረበ ደረቅ ወደብ ነው። ወረታን ከሱ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይመስለንም፤ በመኪና ብቻ ከምትገለገለው ኮምቦልቻ ጋር ማነጻጸሩ ይሻላል። እሱም ቢሆን በጥንቃቄ ነው። መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ኮንቴነር አይመጣም፤ ማንሻውና ሠራተኛው ቆመው ይውላሉ፤ በስሌቱ ግን ሰነፍ ሆነው ይወጣሉ።

በእኛ እምነት ለነጋዴው ይፋ መደረግ ያለበት ኮንቴነሩ ከመርከብ ወርዶ ከወረታ በር እስኪወጣ የፈጀው ቀን ነው፤ ያውም ተከፋፍሎ፦ ጅቡቲ ስንት ቀን ተቀመጠ፣ መንገድ ላይ ስንት ቆየ፣ ጉምሩክ ስንት ወሰደ፣ ባለንብረቱ ራሱ ሳያነሳው ስንት ቀን አለፈ። የመጨረሻውን ብዙዎቻችን መስማት አንወድም፤ ነገር ግን ግቢውን ከሚያጨናንቁት ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው።