የማድሪድ የገና መደብሮች፤ ምን እናይባቸዋለን? ምንስ እንገዛባቸዋለን?

በዓለ ልደት ሲቃረብ በክርስቲያን አገር ሁሉ ገበያው ይደምቃል፤ አባወራው ኪሱን፣ እመቤቲቱም ጓዳዋን መመርመር ይጀምራሉ። በስፔን ምድር ደግሞ ይህ ድምቀት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው ምርጥ ምግብ በሚሸጥባቸው መደብሮች መስኮት ላይ ነው። እነዚህ መደብሮች ለዕለት ጕርስ የሚሆነውን ብቻ አይሸጡም፤ ከየአውራጃው የተመረጠውን ማር፣ ዘይት፣ አይብ፣ የደረቀ ሥጋና ጣፋጭ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ሰብስበው፣ በወረቀትና በቆርቆሮ ሣጥን አስጊጠው ያቀርባሉ። ስፔናውያን የልደትን በዓል የሚያከብሩት ዲሴምበር 25 ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ሲሆን፣ የበዓሉ ወራት የሚፈጸመው ጃንዋሪ 6 ቀን በሚውለው በሰብአ ሰገል በዓል ነው።

ይህ ጉዳይ የእኛን ቤተ ሰብ ምን ያገባዋል? የሚል ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ገበያ በየዓመቱ ከደጃቸው ያገኙታል፤ በስፔን አገር በሥራ የሚተዳደሩትም ከአሠሪዎቻቸው የገና ቅርጫት ሊበረከትላቸው ይችላል። ደግሞም መደብሮቹ እጅግ የሚደምቁበት ወራት፣ እኛ ከኅዳር 15 ቀን ጀምረን ጾመ ነቢያትን የምንጾምበት ወራት ነው። ስለዚህ አንዱን ዕቃ ከማንሣታችን በፊት ሦስት ነገር ልንጠይቅ ይገባናል፤ ይኸውም፦ በውስጡ ያለው ምንድን ነው? የያዘው ስም በእውነት የሚገባው ነውን? ዋጋውስ ከቤታችን አቅም ጋር ይስማማልን? የሚል ነው። አሁን እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን በማድሪድ ከተማ መደብሮች መካከል እንዘዋወር።

በካሬራ ዴ ሳን ኼሮኒሞ ጐዳና ላይ ካሳ ሚራ የሚባል አሮጌ የጣፋጭ ቤት አለ። የተመሠረተው በ1842 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። መሥራቹ ሉዊስ ሚራ በአሊካንቴ አውራጃ ካለችው ከኺኾና ከተማ የመጣ ሰው ነበር። ይህ ሰው በአህያ በሚሳብ ጋሪ ቱሮን የሚባለውን ጣፋጭ ጭኖ ወደ ማድሪድ ሲጓዝ፣ በመንገድ ላይ ሁሉንም ሸጦ እየጨረሰ፣ ከዋና ከተማው ሳይደርስ ደጋግሞ ወደ አገሩ ይመለስ እንደ ነበር ይተረካል። ገና ሲቀርብ ዛሬም በዚህ ቤት ደጃፍ ሕዝቡ ተሰልፎ ተራውን ሲጠብቅ ይታያል።

ቱሮን ከተቈላ ለውዝ፣ ከማር፣ ከስኳርና ከእንቍላል ነጭ ክፍል የሚሠራ ነው። ለውዝ ስንልም ከመሬት ተቈፍሮ የሚወጣውን ኦቾሎኒ ማለታችን አይደለም፤ በኦሪት ዘኍልቍ የአሮን በትር እንዳፈራችው የተጻፈውን የዛፍ ፍሬ ነው እንጂ። የአሊካንቴው ቱሮን ለውዙ ሳይፈጭ የሚታይበት፣ ጥርስን የሚፈትን ደረቅ ጣፋጭ ነው፤ የኺኾናው ግን ለውዙ ከማሩ ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ለስላሳ ነው። የሁለቱም ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። ከፍተኛ ደረጃ የሚሰጠው የኺኾና ቱሮን ከመቶ 64 እጅ፣ የአሊካንቴውም ከመቶ 60 እጅ የማያንስ ለውዝ ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ ብልህ ገዢ የሣጥኑን ጌጥ ትቶ ቍጥሩን ይመለከታል። ነገር ግን እንቍላል ስላለበት ቱሮን የፍስክ እንጂ የጾም ምግብ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከቱሮኑ አጠገብ የሚደረደረው ማዛፓን ነው። ይህም ከማድሪድ በስተ ደቡብ ካለችው ከጥንታዊቱ ከቶሌዶ የሚመጣ፣ ከተፈጨ ለውዝና ከስኳር የሚሠራ ጣፋጭ ነው። የቶሌዶን ስም ለመያዝ ቢያንስ ግማሹ ለውዝ መሆን አለበት። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በ1212 ከተደረገው ከላስ ናቫስ ዴ ቶሎሳ ጦርነት በኋላ በቶሌዶ ስንዴ ጠፍቶ ረኃብ በጸና ጊዜ፣ የሳን ክሌሜንቴ ገዳም ደናግል በጓዳቸው የነበረውን ለውዝና ስኳር ወቅጠው የተራበውን ሕዝብ መገቡ፤ ማዛፓንም የተጀመረው በዚያ ነው ይባላል። ታሪኩ እንደ ተረት ቢቈጠርም እንኳ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ዛሬ በወርቅማ ወረቀት ተጠቅልሎ በብዙ ዋጋ የሚሸጠውን ጣፋጭ፣ ሕዝቡ ራሱ የሚያስታውሰው የችግር ቀን እንጀራ አድርጎ ነው።

ገዳማቱ በስፔን የጣፋጭ ሥራ ያላቸው ድርሻ በተረት ብቻ የሚነገር አይደለም። በማድሪድ መካከል፣ ከሳን ሚጌል ገበያ አጠገብ፣ ሕዝቡ «ላስ ካርቦኔራስ» የሚለው የደናግል ገዳም አለ። መነኵሲቶቹ ከዓለም ተለይተው የሚኖሩ ስለ ሆኑ ገዢው ፊታቸውን አያይም። ደወል ይደውላል፣ በግድግዳው ውስጥ በሚዞር የእንጨት ሣጥን ላይ ገንዘቡን ያኖራል፤ ሣጥኑም ዞሮ ሲመለስ ብስኵቱን ይዞለት ይመጣል። እንዲህ ያለ መሸጫ ያላቸው ገዳማት በስፔን ከተሞች ብዙዎች ናቸው። ጌጠኛ መስኮትም ማስታወቂያም የላቸውም፤ የሚያገኙት ገንዘብ ግን ለገዳሙ መተዳደሪያ ይሆናል። ከታላላቆቹ መደብሮች ይልቅ በዚህ ቤት የሚወጣው ጥቂት ገንዘብ የት እንደሚደርስ ገዢው በግልጽ ያውቀዋል።

በስፔን የገና ማዕድ ላይ ለውዝና ዓሣ ስለ ምን በዛ? ብለን ብንመረምር ከጾም ጋር የተያያዘ ምክንያት እናገኛለን። በካቶሊካውያን ዘንድ የልደት ዋዜማ ቀድሞ ከሥጋ የሚከለከሉበት ቀን ነበር፤ ስለዚህ በማድሪድ ቤቶች ለዋዜማው ራት ዓሣ በምድጃ ይጠበስ፣ ከለውዝ የተሠራ ሾርባም ይቀርብ ነበር። ሥርዓቱ ዛሬ ቢላላም የምግቡ ልማድ ግን ቀርቷል። የእነርሱ ሥርዓት ከእኛ ጾም የተለየ ቢሆንም፣ ጾም የአንድን አገር ባልትና እንዴት እንደሚቀርጸው ሽሮውን፣ ምስሩንና ሱፍ ፍትፍቱን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያሻም።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ ወደሚያሻው መደርደሪያ እንለፍ። በየመደብሩ ክምር ሆነው የሚታዩት፣ በስስ ወረቀት አንድ በአንድ የተጠቀለሉት ብስኵቶች ማንቴካዶና ፖልቮሮን ይባላሉ። እጅግ የታወቁት በሴቪያ አውራጃ ካለችው ከኤስቴፓ ከተማ የሚመጡት ናቸው። ዱቄቱ ተቈልቶ ስለሚሠራ በአፍ ውስጥ እንደ አቧራ ይበተናል፤ ፖልቮሮን የሚለውም ስም አቧራ ከሚለው የስፔን ቃል የወጣ ነው። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን እንደ ልማዱ የሚቦኩት በእሪያ ስብ መሆኑን ነው። ማንቴካዶ የሚለው ስም ራሱ ስብ ማለት ከሆነው ከማንቴካ የተገኘ ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም የሥጋ ምልክት የለበትምና፣ እንግዳ ሰው ተራ ብስኵት መስሎት ለልጆቹ ሊሰጥ ይችላል።

ለዚህ መድኃኒቱ በጀርባው የተጻፈውን ማንበብ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት፣ በታሸገ ምግብ ላይ እንቍላልና ወተት ሰውነት ሊቈጣቸው ከሚችሉ ነገሮች ጋር ተቈጥረው ከሌላው ጽሑፍ በተለየ ፊደል፣ ብዙውን ጊዜም በደማቅ ቀለም ይጻፋሉ። በስፔን ቋንቋ እንቍላል «ዌቮ»፣ ወተትም «ሌቼ» ነው። ይህ ሕግ ለበሽተኞች ቢወጣም ለጾመኛም ይጠቅማል። የእሪያ ስብ ግን ከእነዚህ ጋር ስለማይቈጠር በደማቅ ፊደል አይጻፍም፤ «ማንቴካ ዴ ሴርዶ» የሚለውን ቃል ከተራው ጽሑፍ መካከል ፈልጎ ማግኘት የገዢው ፈንታ ነው። በወይራ ዘይት የተሠራ ማንቴካዶም ስላለ፣ የሚፈልግ ሰው ያን ጠይቆ ሊገዛ ይችላል።

በእነዚህ መደብሮች ከጣራው ላይ ተሰቅሎ የሚታየው የደረቀ የእሪያ ጭን «ኻሞን» ይባላል። የእሪያ ሥጋ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት ከማዕዳችን ባይቀርብም፣ በገና ቅርጫት ውስጥ የክብሩን ቦታ የሚይዘው እርሱ ስለ ሆነ ማወቁ አይከፋም። የሚመረጠው በመጸውና በክረምት በባሉጥ ዛፍ ሥር ተለቅቆ ፍሬውን እየበላ ከደለበ የኢቤሪያ ዝርያ የሚገኘው ነው፤ ክብደቱ 7 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነውም 730 ቀን ያህል እስኪደርቅ ይጠበቃል። በስሙ ማታለል ስለ በዛ የስፔን መንግሥት በ2014 ባወጣው ደንብ አራት የቀለም ምልክቶች ወስኗል፤ ጥቍር ምልክት የሚሰጠው ዝርያው ያልተቀላቀለና በባሉጥ ፍሬ ለደለበው ብቻ ነው። ቅርጫቱ የተሰጠው ወገናችን ይህን ካወቀ፣ ስጦታውን ሳይንቅ ለሚበላ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ በክብር ሊያስተላልፈው ይችላል።

በ1916 ተሠርቶ በ2009 ለምርጥ ምግብ መሸጫነት እንደገና በተከፈተው በብረትና በመስተዋት በተሠራው በሳን ሚጌል ገበያና በሌሎቹም መደብሮች፣ ለእኛ ቤት ይበልጥ የሚስማሙ ዕቃዎች አሉ። የመጀመሪያው የወይራ ዘይት ነው። ከዓለም አገሮች ሁሉ ብዙ የወይራ ዘይት የምታወጣው ስፔን ናት፤ ከአውራጃዎቿም ቀዳሚዋ ኻኤን ናት። መከሩ በመጸው ስለሚጀመር ከገና በፊት አረንጓዴው አዲስ ዘይት በመደብር ይገኛል። «ቪርኸን ኤክስትራ» የሚለው ቃል ከፍሬው በቀጥታ የተጨመቀውንና ያልተነካካውን ያመለክታል፤ እንዲሁ «የወይራ ዘይት» ብቻ የሚለው ግን ከተጣራ ዘይት ጋር የተደባለቀ ነው። በ2022 እና በ2023 በደረሰው ድርቅ ምርቱ እጅግ ስለ ቀነሰ ዋጋው ከብዙ ስፔናውያን አቅም በላይ ወጥቶ ነበር። ከዚህም የምንማረው የመደብሩ ዋጋ በገበሬው ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ሳፍሮን ነው። ይህ ምግብን ወርቅማ የሚያደርግ ቅመም በላ ማንቻ ሜዳ ከሚበቅል ሐምራዊ አበባ ይለቀማል። አንዱ አበባ ሦስት ቀይ ክሮች ብቻ ስላሉት፣ አንድ ኪሎ ግራም ለማግኘት ከ150,000 የማያንስ አበባ በማለዳ በእጅ ይቀጠፋል። በኮንሱዌግራ ከተማ ከ1963 ጀምሮ በየዓመቱ በኦክቶበር ለዚህ አበባ በዓል ይደረግለታል። ሆኖም በዓለም የሚገኘው ሳፍሮን አብዛኛው የሚመጣው ከኢራን ነው፤ በስፔን ታሽጎ የሚሸጠውም ሁሉ በስፔን የበቀለ አይደለም። የላ ማንቻን ማኅተም የፈለገ ሰው በብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመርምር፤ ተፈጭቶ ከሚሸጠው ይልቅም ክሩን ይግዛ፤ ምክንያቱም በዱቄት ውስጥ ባዕድ ነገር መደበቅ ቀላል ነው።

ለጾመኛ ቤት ሳይጠራጠሩ የሚገዛው ግን በመደርደሪያው ዝቅተኛ ቦታ ያለው ነው። ደረቅ በለስ ከለውዝና ከቅመም ጋር ተጠፍጥፎ እንደ ትንሽ ዳቦ የሚሠራው «ፓን ዴ ኢጎ»፣ ሜምብሪዮ ከሚባለው ቢጫ ፍሬ በስኳር ተቀቅሎ የሚረጋው ጣፋጭ፣ በጨው የታሸገ የወይራ ፍሬ፣ የማላጋ ዘቢብ፣ የተቈላ ለውዝ፣ እነዚህ ሁሉ ከምድር ፍሬ የተገኙ ናቸው። ዋጋቸውም ከቱሮኑና ከአይቡ ብዙውን ጊዜ ይቀልላል።

የመጨረሻው ነገር የጊዜ ጥበብ ነው። በዲሴምበር 25 ስፔናውያን በዓላቸውን ሲያከብሩ እኛ ገና በጾም ላይ ነን፤ የእኛ ልደት ሲደርስ ደግሞ የእነርሱ የሰብአ ሰገል በዓል በዋዜማው ተፈጽሟል። ያን ጊዜ ያልተሸጠው ቱሮንና ማዛፓን በብዙ መደብሮች ዋጋው ይወርዳል። ቱሮን ደግሞ በቶሎ የሚበላሽ አይደለም፤ ስለዚህ ጾሙን የጠበቀ ቤተ ሰብ ለጥምቀት ማዕዱ የሚሆነውን በቀነሰ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። ትዕግሥት በዚህ ቦታ ለነፍስም ለኪስም ትጠቅማለች።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ወደ እነዚህ መደብሮች መግባትና ማየት ነቀፋ የለበትም። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው፣ አይተን እንፍረድ። እናት ልጆቿን ይዛ በመስኮቱ ፊት ስትቆም፣ ጽሑፉን አብረው ቢያነቡ፣ ይህ ከለውዝ፣ ያ ከእሪያ ስብ፣ ያኛውም ከእንቍላል የተሠራ መሆኑን ብትነግራቸው፣ ሙሉውን ቅርጫት ከመግዛት ይልቅ ብዙ ታተርፋለች። ከዚያም ለአቅሟ የምትስማማውን አንዲት ጥቅል በለስ ገዝታ ከማታው የጾም ማዕድ በኋላ ብታካፍላቸው፣ የማድሪድን ገበያ በሚገባ ጐብኝታዋለች ለማለት ይቻላል።